የባሕር ዳር ጥቁር ድንጋይ፣ የደጀን ኖራ ድንጋይና የማይታየው ብርሃን

መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ

ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። የስክሪን ሙጫ የሚያደርቀው ሐምራዊ መብራት ከእጄ አይጠፋም። ጎረቤቴ ያለው ባለሱቅም ሐሰተኛ ብር የሚለይባትን ትንሽ ባትሪ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጣል። በእነዚህ መብራቶች ድንጋይ ማየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አሁን ግን ነገሩን በሥርዓት ልይዘው ወስኛለሁ፤ ያየሁትን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

የማደርገው ይህ ነው፦ ካልሳይት የሚባለውን ማዕድን ከተለያየ ቦታ እሰበስባለሁ፤ ሁሉንም በአንድ መብራትና በአንድ ጨለማ ውስጥ አያለሁ፤ የትኛው እንደሚያበራ፣ የትኛው እንደማያበራ፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ እከታተላለሁ። ሲያልቅ ስብስቡ የእህቴ ልጅ ወደሚማርበት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ይሄዳል። እሱ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ኬሚስትሪ ከሁሉም ትምህርት አብልጦ ይወዳል፤ ከሥራው ግማሹም የእሱ ነው።

ካልሳይትን የመረጥኩት በዓለም ላይ እጅግ ከተለመዱት ማዕድናት አንዱ ስለሆነ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የኖራ ድንጋይም፣ እብነ በረድም፣ ከዋሻ ጣሪያ የሚንጠለጠለው ድንጋይም በአብዛኛው ከእሱ የተሠሩ ናቸው። ንጹሑ ካልሳይት ቀለም የለውም፤ አልትራቫዮሌት በሚባለው፣ ዓይናችን በማያየው ብርሃን ሥርም ጨለማ ነው። የሚያበራው ክሪስታሉ ሲያድግ ከውኃው ጋር የገባው ባዕድ ነገር ነው፤ ያውም እጅግ ጥቂት። ስለዚህ ሁለት ካልሳይት ጎን ለጎን አስቀምጠን አንዱ ሲበራ ሌላው ሲጨልም የምናየው የካልሳይትን ጠባይ ሳይሆን እያንዳንዱ ያደገበትን ቦታ ታሪክ ነው። ይህን ሥራ የምወደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ መብራቱ

መጀመሪያ መብራቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት ባትሪዎች አብዛኛዎቹ የሞገድ ርዝመቱ 395 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) አካባቢ የሆነ ብርሃን የሚያበሩ ናቸው። ዓይናችን ሐምራዊ ብሎ የሚያየው ብርሃን 380 እና 400 መካከል ላይ ስለሚያበቃ፣ እነዚህ ባትሪዎች ከሚታየው ሐምራዊ ብዙ ይረጫሉ። ድንጋዩ ላይ ስናበራ ሁሉም ነገር ሐምራዊ ይሆናል፤ ደካማው የድንጋዩ ብርሃን በዚያ ሐምራዊ ውስጥ ይዋጣል። ለብር ኖት ይበቃሉ፤ ለድንጋይ አይበቁም።

እኔ የሠራሁት በ365 ናኖሜትር ኤልኢዲ ነው። ባለ 3 ዋት ቺፕ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ማቀዝቀዣ አልሙኒየም፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጣ ደህና ሴል፣ ኤሌክትሪኩን 700 ሚሊአምፔር ላይ የሚይዝ ድራይቨር። ብየዳው ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ የሚፈልገው ሙቀቱ ነው። አልሙኒየሙ ላይ የሙቀት ክሬም ሳይቀባ ቺፑን ማብራት አይገባም፤ ዕድሜው ያጥራል፣ ብርሃኑም እየደከመ ይሄዳል።

ከቺፑ ፊት ጥቁር የማጣሪያ መስታወት አስገባሁ። ዜድ ደብሊው ቢ 2 ተብሎ ይሸጣል። የዚህ ዓይነቱን መስታወት አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሠርቶታል፤ ዛሬም በስሙ የዉድ መስታወት ይባላል። የሚታየውን ብርሃን ይይዛል፣ አልትራቫዮሌቱን ያሳልፋል። ከአስመጪ ጓደኛዬ ጋር አዝዤ ነው ያገኘሁት። እርጥበት አይወድም፤ ፊቱ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። ሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ቁም ነገር ስለሆነ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብሬው በዕቃ ውስጥ ዘግቼ አስቀምጠዋለሁ።

ማጣሪያው ከመግባቱ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ለማየት የዲቪዲ ቁራጭ ተጠቀምኩ። ከብሩ ሽፋን ተላቆ የቀረው ግልጽ ፕላስቲክ ብርሃንን ወደ ቀለማቱ ይበትናል። በርካሹ ባትሪ ሰፊ ሐምራዊ መስመር ታየ። በአዲሱ መብራት ከማጣሪያው ጋር ምንም ማለት ይቻላል አልታየም፤ ነጭ ወረቀት ፊቱ ሲቀርብ ግን ወረቀቱ በሰማያዊ ነደደ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ይህ ብርሃን ስለማይታይ ብሌናችን አይጠብም፤ ዓይን ራሱን አይከላከልም። ወደ መብራቱ ቀጥታ መመልከት ክልክል ነው። ፖሊካርቦኔት የሆነ የሥራ መነጽር አልትራቫዮሌቱን ይይዛል፤ ከብየዳ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። የእህቴ ልጅ ያለ መነጽር ሳጥኑ አጠገብ አይቀመጥም፤ እኔም እንዲሁ።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ሳጥኑ

ከእንጨት ሠሪ ጎረቤቴ የኮምፔንሳቶ ትራፊ ለምኜ ሳጥን ሠራን። ከላይ የመብራቱ ቀዳዳ፣ ከፊት የማያ መስኮት፣ ከጎን እጅ የሚያስገባ መጋረጃ አለው። የውስጡን ልባስ መምረጥ ግን ካሰብነው በላይ ጊዜ ወሰደ፤ ጥቁር የሚመስለው ሁሉ በአልትራቫዮሌት ሥር ጥቁር አይደለም። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ጨርቅ በሙሉ በሰማያዊ ያበራል፤ ሳሙናው ውስጥ ልብስን ነጭ የሚያስመስል፣ አልትራቫዮሌትን ተቀብሎ ሰማያዊ የሚመልስ ንጥረ ነገር ስላለ ነው። የእናቴ ነጠላ ሳጥኑ አጠገብ ሲያልፍ እንኳ ክፍሉ ይበራል። የነጠላ ብናኝ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ካረፈም በድንጋዩ ዙሪያ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ፎቶ ላይ ማዕድን ይመስላል። በመጨረሻ ፈዛዛ ጥቁር ቀለም ቀብተን፣ ድንጋዩ የሚቀመጥበት ላይ ያልታጠበ አዲስ ጥቁር ከፋይ አነጠፍን። ከእያንዳንዱ ዕይታ በፊት በፕላስተር ብናኙን እናነሳለን።

ዓይንም ጨለማውን መልመድ አለበት። ከደማቅ ቦታ ገብቶ ወዲያው መመልከት ዋጋ የለውም፤ ጥቂት ደቂቃ በጨለማ ቁጭ ማለት ግድ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ለእኛ ሠርግ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይጨልምልናል።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ካባው

ባሕር ዳር የተቀመጠችው በባዛልት ላይ ነው። ከጣና ሥርና ዙሪያ ያለው አብዛኛው ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ የደጋው ሰፊ ባዛልት ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ በሐይቁ ደቡብ በኩል ያለው ደግሞ ከዚያ እጅግ የቀረበ ጊዜ የፈሰሰ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ደፍ የሠራው፣ ጢስ ዓባይ የሚወረወርበትን ገደል የሠራውም ይኸው ጥቁር ድንጋይ ነው። ካልሳይት ለሚፈልግ ሰው ተስፋ የማይሰጥ ቦታ ይመስላል። ሆኖም ላቫ ሲቀዘቅዝ ጋዙ የተወው ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ቀዳዳ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውኃ ማዕድን ይተውበታል። ነጭ ሆኖ የምናየው ያ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ግንበኞች ድንጋይ የሚያወጡበት ካባ አለ። እዚያ ዕድሜያቸውን በሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሽማግሌ አሉ። የምፈልገውን ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይ ያጋጥምዎታል?»

«ይሄ ፈንጣጣ የወጣበት የሚመስለው? ሞልቷል ልጄ። እኛ ለግንብ አንወደውም፤ ነጩ መዶሻ አይችልም። እዚያ የተጣለው ክምር ሁሉ እሱ ነው፤ የፈለግኸውን ውሰድ።»

«ነጩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?»

«አይደለም እንጂ። አንዱ እንደነካኸው ይፈረካከሳል፤ አንዱ ደግሞ መሮ ያዶለዱማል።»

እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩትን እሳቸው በመሮአቸው ያውቁታል። መሮ የሚያዶለዱመው የኳርትዝ ዘመድ፣ ካልሲዶኒ ነው፤ መስታወት ይጭራል። የሚፈረካከሰው ደግሞ ካልሳይት ወይም ዜኦላይት የሚባለው የማዕድን ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በባዛልት ቀዳዳ ውስጥ ይገኛሉ፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው።

ለመለየት ሦስት ነገር አደረግን። በሚስማር መጫር፦ ካልሳይት ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 3 ላይ ነው፤ ሚስማር በቀላሉ ይጭረዋል፣ ጥፍር ግን አይጭረውም። አሲድ፦ የተፈጨው ላይ አቼቶ ሲንጠባጠብ ካልሳይቱ አረፋ ያወጣል፤ ዜኦላይቱ ዝም ይላል። አቼቶ ደካማ አሲድ ስለሆነ ድፍኑ ድንጋይ ላይ ጠብ ማድረግ አይበቃም፤ መፈጨት አለበት፤ ወደ ጆሮ ሲያስጠጉትም ይሰማል። ስባሪው፦ ካልሳይት ሲሰበር ሁልጊዜ ያዘመመ ሳጥን ቅርጽ ይዞ ይሰበራል። የእህቴ ልጅ በፕሮትራክተሩ ለካው፤ አንዱ ማዕዘን ወደ 75፣ ሌላው ወደ 105 ዲግሪ ሆነ። ትንሹም ስባሪ ትልቁም እንዲሁ ነው። ልጁ የለካውን ደጋግሞ ሲፈትሽ አመሸ፤ አልከለከልኩትም።

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ዕይታ

የካባውን ካልሳይት ሳጥኑ ውስጥ አስገባን። አብዛኛው ጨለማ ነው። ጥቂቶቹ ጠርዛቸው ላይ በጣም የደከመ ሮዝ ነገር አላቸው፤ ዓይን በደንብ ጨለማውን ካልለመደ አይታይም። ከድንጋዩ ይልቅ የእህቴ ልጅ ጥፍር ይበራል።

ይህ ውጤት አልከፋኝም። ጨለማ የሆነውም መልስ ነው፤ ጥያቄው ለምን ጨለመ ነው። ለማወዳደር ግን ሌላ ዓይነት ቦታ ያደገ ካልሳይት ያስፈልገኛል። ከዚህ የሚቀርበው የባሕር ድንጋይ የት እንዳለ አውቃለሁ።

ኅዳር፣ ደጀን

ለዕቃ አዲስ አበባ ስመላለስ በዓባይ በረሃ ማለፌ አይቀርም። ያንን ገደል ሁላችንም በመስኮት አይተነዋል፤ ለድንጋይ ፈላጊ ግን የተገለጠ መጽሐፍ ነው። ከላይ ደጋው ላይ ባዛልቱ አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ባዛልቱ ያልቅና ነጣ ያለ፣ በንጣፍ በንጣፍ የተደረበ ድንጋይ ይመጣል። ያ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ነው። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ይህ አገር ጥልቀት በሌለው ባሕር ሥር ሳለ የተጣለ ነው። ከሥሩ ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ አለ፤ ከሁሉ በታች ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ።

ደጀን ወርጄ አደርኩ። ከመንገድ ሥራ የተረፈ የድንጋይ ክምር ውስጥ፣ የአካባቢውን ሰው አስፈቅጄ፣ ነጭ ሥር የሚያልፍባቸውን ቁርጥራጮች መረጥኩ። ኖራ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ካልሳይት ሞልቶበታል። አንዱ ሥር ጣት ያህል ወፍራም ነው፤ መሐሉ መስታወት የመሰለ ግልጽ ሆኖ አድጓል።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ። ኖራ ድንጋይ ባለበት ዋሻ አለ፤ ዋሻ ባለበት የሚያምር ካልሳይት አለ። ከዋሻ አይወሰድ። የተንጠለጠለው ድንጋይ ጠብታ በጠብታ ያደገ ነው፤ አንዴ ከተሰበረ በእኛ ዕድሜ አይመለስም። የሚያበራ መሆኑን ማየት የፈለገ መብራቱን ይዞ ይግባ፣ አይቶ ይውጣ። የተጣለ ክምር ለእኛ ይበቃናል።

ኅዳር መጨረሻ፣ ሁለተኛው ዕይታ

ከሳጥኑ በፊት ግልጹን ስባሪ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥነው። እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሆነ። ድንጋዩ ሲዞር አንዱ ምስል ቆሞ ሌላው ይዞረዋል። ዴንማርካዊው ራስመስ ባርቶሊን እ.ኤ.አ. በ1669 ከአይስላንድ በመጣ ካልሳይት ይህንን ገልጾ ጽፏል፤ የብርሃን ሳይንስ ለረጅም ዘመን ሲመራመርበት ኖሯል። ከደጀን የመጣ ድንጋይ ያንኑ ሲያሳይ በገዛ ዓይን ማየት ደስ ይላል።

ከዚያ ጨለማው። የሥሩ መሐል ወተት በሚመስል ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ብርሃን በራ። ደማቅ አይደለም፤ ግን ያለ ጥርጥር ይታያል። ዙሪያው ያለው ግራጫ ኖራ ድንጋይ ከሞላ ጎደል ጨለማ ሆኖ ሥሩ ብቻ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ቀን ላይ ያላየነው ቀጭን ቅርንጫፍም አለው፤ በተራ ብርሃን ስንመለከተው ከግራጫው አይለይም ነበር።

መብራቱን ሳጠፋው የእህቴ ልጅ ጮኸ። ድንጋዩ አልጠፋም። እየደከመ ትንሽ ቆየና ከሰመ። ደጋግመን አየነው፤ መጀመሪያ ዓይን ጨፍኖ፣ መብራቱ እንደጠፋ ወዲያው መግለጥ ይሻላል።

ለልጁ ያስረዳሁት እንዲህ ነው። አልትራቫዮሌቱ ጉልበት ይዞ ይመጣል። በድንጋዩ ውስጥ ያለ አንድ ኤሌክትሮን ያንን ጉልበት ተቀብሎ ከፍ ይላል። ከጉልበቱ ጥቂቱን ለክሪስታሉ በሙቀት መልክ ይለቃል፤ የቀረውን በብርሃን መልክ ይመልሳል። ጉልበቱ ስለቀነሰ የሚመለሰው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ ያልታየው ገብቶ የሚታየው ይወጣል። አየርላንድ የተወለደው ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 ይህንን በኪኒን ውሕድ አሳይቷል። የወባ መድኃኒቱ ኪኒን ማለት ነው፤ እሱም በሰማያዊ ያበራል። ኤሌክትሮኑ ወዲያው ሲመለስ ፍሎረሰንስ እንለዋለን፤ መንገድ ላይ ተይዞ ሲዘገይ ፎስፎረሰንስ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ያየነው የዘገየውን ነው።

ነጭ ሰማያዊው ከምን ይመጣል? በካልሳይት ውስጥ ይህን ዓይነት ብርሃን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የአፈርና የዕፅዋት ብስባሽ የሚተወው አሲድ ነው፤ ዝናቡ ከአፈር አጥቦት ከውኃው ጋር ይወርድና ክሪስታሉ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። የዋሻ ተመራማሪዎች ይህንን በሚገባ ይጠቀሙበታል፤ ከዓመት ዓመት የተደረበውን ንጣፍ በብርሃኑ ይለያሉ፤ የዝናቡንም የአፈሩንም ታሪክ ያነቡበታል። የደጀኑ ሥርም ከላይ ከአፈር የወረደ ውኃ የሠራው ይመስለኛል። ቀለሙም የሚቆይበት ጊዜም ከዚያ ጋር ይስማማሉ።

ታኅሣሥ፣ ሻይ ቅጠል

ወደ ካባው ጨለማ ድንጋይ እንመለስ። ካልሳይትን ከሚያጨልሙት ዋናው ብረት ነው። ብረት ክሪስታሉ ውስጥ ሲኖር የተቀበለውን ጉልበት በብርሃን መልክ ሳይሆን በሙቀት መልክ ያባክነዋል፤ ጎረቤቱ ያለው አብሪ ንጥረ ነገር የተቀበለውንም ይነጥቃል። ባዛልት ደግሞ ብረቱ ብዙ ነው፤ ሲያረጅ የሚቀላው ለዚህ ነው። በባዛልት ውስጥ ያለፈ ውኃ ብረት ተሸክሞ ቢመጣ አይገርምም።

ይህንን በቤት ዕቃ መፈተን ይቻላል። ከካባው ካልሳይት ጥቁሩ ያልነካውን ንጹሕ ስባሪ በማጉያ መነጽር እየመረጥን ለቀምን። ከደጀኑም ያንኑ ያህል። ሁለቱን ለየብቻ ፈጭተን በነጭ ሲኒ አቼቶ ውስጥ አሳደርናቸው። የተፈጨው ከአቼቶው በላይ እንዲሆን አድርገናል፤ አሲዱ ካላለቀ የሚፈለገው ቀለም ስለማይወጣ። ጠዋት ላይ የጠራውን ብቻ ቀድተን፣ አየር እንዲያገኘው አንድ ቀን ክፍት ትተን፣ ወፍራም ሻይ ጠብ አደረግንበት። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል።

የደጀኑ የሻይ መልኩን እንደያዘ ቀረ። የካባው ጠቆረ፤ ግራጫ ወደ ጥቁር ያደላ ሆነ። ብቻውን የተቀመጠው አቼቶ ከሻይ ጋር ምንም አልሆነም፤ እሱን ያስቀመጥነው ለማነጻጸሪያ ነው። ይህ ብረቱን አይመዝንልንም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን ያሳያል። ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ የኬሚስትሪ ትምህርት አላውቅም። ከወጥ ቤት ያልመጣ ነገር የለበትም፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው።

ታኅሣሥ፣ ጌሾ

ይህ ከድንጋዩ የወጣ ነገር ነው፤ ቢሆንም ልጻፈው። አንድ ምሽት እናቴ ጌሾ ስትለቅም የእህቴ ልጅ እርጥብ ቅጠል ቀምቶ ቀጥቅጦ አረቄ ውስጥ ዘፈዘፈው። አጥልሎ ሳጥኑ ውስጥ ሲያስገባው አረንጓዴው አረቄ ደም ቀለም ሆነ። ክሎሮፊሉ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ሳለ የተቀበለውን ጉልበት ለምግብ ሥራ ያውለዋል፤ ከቅጠሉ ወጥቶ አልኮል ውስጥ ሲገባ ግን የሚሰጠው ስለሌለው በቀይ ብርሃን ይመልሰዋል። ማንኛውም አረንጓዴ ቅጠል ይሆናል። የክበቡ ልጆች ይህንን ሳያዩ አይሄዱም።

ጥር፣ አጭሩ ሞገድ

ብረት ካልሳይትን ሲያጨልም፣ የሚያበራው ሌላ ንጥረ ነገር ደግሞ አለ፤ ማንጋኒዝ ይባላል፤ የእሱ ጉዳይ ቀርቶ ነበር። በካልሳይት ውስጥ ብርቱካናማ ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ማንጋኒዝ ነው፤ ብርሃኑ 620 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ችግሩ ማንጋኒዝ ብቻውን አልትራቫዮሌትን በደንብ አይቀበልም። ተቀብሎ የሚያቀብለው ረዳት ይፈልጋል፤ እርሳስ ከዋነኞቹ ረዳቶች አንዱ ነው፤ እርሳስ ደግሞ የሚቀበለው 254 ናኖሜትር የሆነውን አጭሩን ሞገድ ነው። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ፍራንክሊን ከሚባል የዚንክ ማዕድን ቦታ የሚወጣው ካልሳይት በዓለም ላይ የታወቀው በዚህ ነው፤ በአጭሩ ሞገድ እንደ ፍም ይቀላል፣ አብሮት ያለው ዊለማይት የሚባለው የዚንክ ማዕድን ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል።

254 የሚያበራ መብራት በኮሮና ጊዜ ክፍል ለማጽዳት በብዛት ገብቷል። ከአንድ ወዳጄ ተውሼ አመጣሁ። ይህ መብራት ግን ጨዋታ አይደለም። ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ላይ ካረፈ ከሰዓታት በኋላ አሸዋ የገባበት ያህል ያማል፣ ዓይን ይጎዳል። ስለዚህ ለእሱ ብቻ ሌላ ሳጥን ሠራሁ። መስኮቱ ተራ የቤት መስታወት ነው፤ ተራ መስታወት 254ን አያሳልፍም፤ በላዩ ላይ ፖሊካርቦኔት ደርቤበታለሁ። በሩ ላይ ከአሮጌ ማይክሮዌቭ የፈታሁትን ማይክሮስዊች ገጠምኩ፤ በሩ ሲከፈት መብራቱ ይጠፋል። በየትኛውም ስንጥቅ ብርሃን እንዳይወጣ በጥቁር ፕላስተር አተምኩት።

ይህ መብራት ማጣሪያ ስለሌለው ሰማያዊ ብርሃንም አብሮ ያወጣል፤ ደካማውን ይሸፍናል። ጠንካራው ብቻ ይታያል። የደጀኑ ሥር ነጭነቱን እንደያዘ ነው። ከካባው አብዛኛው አሁንም ጨለማ። አንዱ ቁራጭ ግን የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ቀጭን ብርቱካናማ ቆዳ አሳየ፤ መሐሉ ጨለማ፣ ዙሪያው ብርቱ ብርቱካናማ። በ365 ሥር በጣም የደከመ ሮዝ ያልነው ያ ጠርዝ ነው።

ይህ ቁራጭ ብዙ አመራመረን። መብራቱ ሲጠፋ ብርቱካናማው ወዲያው ይጠፋል፤ ከማንጋኒዝ የሚጠበቀውም ያ ነው፤ ብርሃኑ የሚቆየው የሰከንድ ትንሽ ክፍልፋይ ብቻ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ መጀመሪያ የደረሰው ውኃና በኋላ የደረሰው ውኃ አንድ አልነበሩም። የመጀመሪያው ብረት ሳይበዛው ማንጋኒዝ ይዞ መጥቶ ግድግዳውን ለበጠ፤ ቀጥሎ ብረት የበዛበት መጥቶ መሐሉን ሞላ። ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት የተለያየ ዘመን ተደርቧል ማለት ነው። በቀን ብርሃን ሁለቱም ነጭ ናቸው።

ጥር መጨረሻ፣ ፎቶ

የስልክ ካሜራ በራሱ ከተተወ ቀለሙን ያበላሻል። በእጅ ማስተካከያው ክፍል አይኤስኦ 400፣ መክፈቻ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ፣ የነጭ ሚዛን 5500 ላይ ተቸንክሮ። ስልኩ መቆሚያ ላይ፣ ማንሻው በሰዓት ቆጣሪ። ሌላው ካሜራው ራሱ አልትራቫዮሌቱን በጥቂቱ ያያል፤ ምስሉ ላይ ሰማያዊ ጉም ይጥላል። ከተሰበረ የሥራ መነጽር ላይ ክብ ቆርጬ ሌንሱ ላይ ለጠፍኩበት፤ ጉሙ ጠፋ። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሁለት ፎቶ፣ አንዱ በቀን ብርሃን፣ አንዱ በጨለማ፣ ካሜራው ሳይነቃነቅ።

የካቲት፣ ክበቡ

ሳጥኑን ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰድነው። መምህርቷ መጋረጃውን ዘግተው ልጆቹን በየተራ አስቀመጡ። የእህቴ ልጅ አስረዳ፤ እኔ መብራቱን ያዝኩ። አንዲት ተማሪ የደጀኑንና የካባውን አይታ «ጋሼ፣ ሁለቱም ካልሳይት ከሆኑ ስማቸውን በምን እንለያለን?» ብላ ጠየቀች። ስማቸው አይለያይም፤ የሚለያየው የመጡበት ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ ከየድንጋዩ ጋር ያሉትን ካርዶች እንደገና ጻፍናቸው፤ የማዕድኑን ስም አሳንሰን፣ ቦታውን አጉልተን።

አሁን እያንዳንዱ ካርድ ላይ ያለው ይህ ነው፦ የተገኘበት ቦታ፣ ዙሪያው የነበረው ድንጋይ፣ የሚስማርና የአቼቶ ውጤት፣ የመብራቱ የሞገድ ርዝመት፣ መብራቱ ከድንጋዩ የራቀበት ርቀት (ለሁሉም 10 ሴንቲ ሜትር)፣ የታየው ቀለም፣ መብራቱ ሲጠፋ ብርሃኑ ቆየ ወይስ ወዲያው ጠፋ። ጨለማ የሆኑትም ካርድ አላቸው። የ365ቱ ሳጥን ከክበቡ ጋር ቀርቷል፤ የ254ቱ ግን ሱቄ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ማየት የሚፈልጉ ልጆች ከመምህርታቸው ጋር ይመጣሉ።